በሁለቱ ወንበሮች መሀል

ወገብ ደግሞ አላት፣ ወገብ፣ ቀበቶው እኔ ስቆልፍበት የኖርኩትን ቀዳዳ አልፎ፣ ቀጣዩንም አልፎ፣ ማንም ነክቶት የማያውቀው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሄዶ ነው ዘለበቱ የገባው፣ የተረፈው ጫፍ እስከ ጀርባዋ ዞረ፣ እትዬ፣ በዛ እንዴ ትለኛለች፣ አልበዛም፣ አንቺ ነሽ ያነስሽ፣ ትስቃለች፣ የቀለድኩ መስሏት። ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ክንድሽን አንሺ። ትንሽ ዙሪ። ስትዞር እንኳን ደስ ይላል፣ እኔ በሷ ዕድሜ እንደዚህ እዞር ነበር ወይ፣ እዞር ነበር እንጂ፣ ማን አየኝ እንጂ።

ይሄ የኔ ቀበቶ ነው። የድርጅቱ ነው፣ አውቃለሁ፣ ፈርሜ ተቀብዬ ፈርሜ መልሻለሁ፣ ግን ቆዳ ላዩ ላይ የኖረውን ነገር አይረሳም፣ ግራ ጎኑ ላይ የሽጉጤ አፎት የተቀመጠበት ቦታ ጠቁሮና ጎድጉዶ ይታያል፣ እኔ ግራኝ ነኝ፣ ሽጉጤ ግራ ጎኔ ላይ ነበር የሚውለው፣ እሷ በቀኟ ናት፣ ስለዚህ የኔን አፎት ፈትቼ አወረድኩና የሷን አዲሱን ወደ ቀኝ ወሰድኩላት፣ የኔ ቦታ ላይ ምን ይግባ፣ የካቴና ኪስ ይግባ። ብሎኑን ሳጠብቅ ካቻቢቴው አንሸራተተኝ፣ አይዞዎት እትዬ አለችኝ። አይዞዎት አለችኝ እኮ። ማን ምን ሆነና።

እዚህ ክፍል ያስገባኝ ትከሻዬ ነው። ሰው በዘመድ ይገባል፣ እኔ በትከሻ፣ የግራ ትከሻዬ ደርቆ ክንዴ አልነሳ ሲለኝ ሐኪሙ ለጊዜው ቀላል ሥራ ብሎ ጻፈልኝ፣ ቀላል ሥራ ማለት ትጥቅ ክፍል ሆነ፣ የባንክ ገንዘብ የሚያጅቡትን ሰዎች ወገብ መለካት፣ አፎት ማሰር፣ የሬዲዮ ኪስ መስፋት፣ የላላውን ማጥበቅ የጠበቀውን ማላላት። ለጊዜው ነው። ትናንት ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ ገብቶ እንኳን አይደለም፣ ነገ ልጅቷ ፈተናውን ካለፈች የመኪናሽ ጋቢና የሷ ነው አለኝ፣ ካላለፈችስ፣ ካላለፈችማ ወደ በር ጥበቃ ትመለሳለች፣ ሌላ የተዘጋጀ ሰው የለኝም፣ እያፈራረቅን ትከሻሽ እስኪሻልሽ እንጠብቅሻለን እንጂ ምን እናደርጋለን፣ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰብኩም፣ እራት ላይም፣ መኝታ ላይም፣ ፀጉሬን ሳበጥርም፣ ካላለፈች፣ ካላለፈች።

ፈተናው ከመኪናው ውስጥ ነው። ተቀምጠሽ፣ ቀበቶሽን አስረሽ፣ አሰልጣኙ ፊሽካ ሲነፋ ቀበቶ ፈትተሽ፣ በር ከፍተሽ፣ ወርደሽ፣ ከበሩ ኋላ ሆነሽ ሽጉጥ ትመዣለሽ፣ ያው የላስቲኩን ሰማያዊ ሽጉጥ፣ ጥይት የሌለው፣ ልጅ እንኳን የማያስፈራ፣ ግን ሰዓት ተይዞ ነው። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው ይላሉ። ፈጣን ይሁን። እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል።

ጥጉ ላይ ሁለት የመኪና ወንበር አለ፣ ከተጣለው አሮጌ መኪናችን የተነቀለ፣ ጎን ለጎን ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ፣ ከነቀበቶው፣ አጃቢ የሚለካው እዚያ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ቆሞ፣ ከዚያ ተቀምጦ፣ ምክንያቱም አጃቢ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው፣ ቆሞ ያማረለት ትጥቅ ሲቀመጥ ጉድ ይሠራዋል፣ ከፍ ብሎ የታሰረ አፎት ቆመሽ ስታዪው ቄንጥ ነው፣ እጅሽ ሄዶ ቁጭ ይልበታል፣ ስትቀመጪ ግን የመኪናው ቀበቶ ሄዶ እጀታው ስር ይገባል፣ ስትፈቺው ይይዝሻል፣ ስትወርጂ ይጎትትሻል። ይህን የማያውቅ የለም፣ ማለቴ ጋቢና ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጅቷ የመጣችው ከበር ጥበቃ ነው፣ ቆማ ነው የኖረችው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔ የአዳዲሶቹን ሰደርያዎች ካርቶን አምጥቼ ሁለቱ ወንበሮች ላይ እስከ ጣሪያ ደረደርኩት። ማን ደርድሪ አለኝ። ማንም።

መመሪያው፣ ትጥቅ ታጣቂው የዕለት ተግባሩን በሚያከናውንበት አኳኋን ተለክቶ ይሰጣል፣ ይላል፣ አኳኋን ነው ያለው፣ ወንበር አላለም፣ ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ ከመመሪያው ውጭ አልወጣሁም፣ በቃ።

እትዬ፣ ትላለች፣ ጋሼ ሹፌሩ እኮ ትናንት ገደሉኝ በሳቅ። ማ። ጋሼ ሹፌሩ። እሱን እኮ ሰው ሁሉ አቶ ጭጭ ነው የሚለው፣ ከኔ ጋር ጋቢና ከገባ በኋላ እንኳን ስንት ወር በራስ ንቅናቄ ነው የተግባባነው፣ በመጀመሪያው ዓመት የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ፣ ጎማው ንፋስ ያንሰዋል፣ ነው፣ እሱ ነው የሚያስቅሽ። ምን አለሽ እላታለሁ፣ ድምፄን እንደ ምንም አድርጌ፣ ብሎን እያጠበቅኩ። ያን የርስዎን ነገር ነዋ፣ ሬዲዮው ሳያውቁት ተከፍቶ ስለ አማትዎ ያወሩትን ድርጅቱ በሙሉ የሰማው ቀን፣ ውይ እትዬ፣ ሞትኩ እኮ።

አወራላት። የኛን ነገር። ያን ቀን እኮ ስለ አማቴ ሳወራ ቆይቼ ከማዕከሉ፣ እባክሽ መስመሩን ልቀቂ፣ ግን መጨረሻዋን ንገሪን፣ ሲሉኝ መኪናውን ዳር አውጥቶ እንባው እስኪፈስ የሳቀው እሱ፣ እኔ ያኔ ነው ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት፣ ያ ሳቅ የኔ ነበር፣ ከስንት ዝምታ አውጥቼ ያገኘሁት፣ አሁን ለሷ በሁለተኛው ቀን፣ በነፃ። ባሌ ማታ፣ አንቺ ሴት፣ የምታለቅሺው ለመኪናው ነው ለሰውየው፣ ብሎኛል፣ እየቀለደ ነው፣ ያውቀናል፣ የሰውየው ሚስትም ታውቀናለች፣ ልጇን ስትድር ከፊት ያስቀመጠችው እኔን ነው፣ እንደዚያ ያለ ነገር የለም፣ ኖሮም አያውቅ፣ ግን ቅናት ነው፣ ሌላ ስም ልሰጠው አስቤ አጣሁለት። ሰው በወንበር ይቀናል። በመስኮት መክፈቻ ይቀናል። ስንታጠፍ ቀኙን መንገድ እኔ አይቼ፣ ግባ፣ ስል ሳያጣራ የሚገባው ሰውዬ ነገ የዚህችን አንገት ሲያምን ይታየኛል።

ደግሞ፣ ትላለች፣ አሁንም አልበቃትም፣ ጨጓራ አለባቸው አይደል፣ እርስዎ በፔርሙስ ወተት ያመጡላቸው እንደነበር ሰምቻለሁ፣ እኔም ላምጣላቸው ወይ እትዬ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እስከዚህ ድረስ ምናልባት ካርቶኖቹን አነሳቸው ነበር፣ ማን ያውቃል፣ ሰው ነኝ። አላለቀም ገና፣ ቁሚ፣ አልኳት፣ አፎቱን ጭራሽ ሁለት ጣት ከፍ አደረግኩት፣ አሰርኩት፣ የላስቲኩን ሽጉጥ ከተትኩበት፣ ምዘዢ እስቲ፣ መዘዘች፣ ድጋሚ፣ መዘዘች፣ እጅ አላት፣ አይካድም፣ ዓይኗ በራ፣ እንዴት ይመቻል፣ አለች። ቆመሽ ነዋ፣ አላልኳትም። ሂጂ፣ ይበቃል፣ አልኳት። ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ፣ ግቢውን በሩጫ አቋርጣ መኪናው አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ አሰልጣኙ ገና ሻይ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሲታይ ያምርባታል። ቆማ ነዋ።

አሁን ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው። ምንም አላደረግኩም እኮ። በወሬ እንኳን ክፉ ነገር አልተናገርኳትም። ትወድቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ልጅ ናት ይረሳታል፣ በሚቀጥለው ዙር ትገባለች፣ እኔ ግን ሌላ ዙር የለኝም፣ ከዚህ ክፍል ካልወጣሁ እዚሁ ነው የምጦረው፣ ሙጫ እየሸተትኩ፣ የሰው ሆድ እየለካሁ፣ ወፈርክ ከሳህ እያልኩ። ብርድ ነው። መስኮቱን ዝጊው። ብዘጋው አላያትም። ይከፈት።

በሩ ተንኳኳ፣ ማንም የማያንኳኳውን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ነው ያለው። ገባ። አቶ ጭጭ በአካል፣ ቀበቶውን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አፎቱ ባዶ፣ ሽጉጡን ግምጃ ቤት አስረክቦ መጥቷል፣ ሁሌም ሥርዓት ያውቃል። ትከሻሽስ አለኝ፣ አለ አልኩት፣ ቀበቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝና አፎቱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ እስቲ ይቺን ወደ ቀኝ ጎን መልሺልኝ፣ አለ።

ኧረ። ወደ ቀኝ። ሰውየው ከኔ ጋር እስካለ ድረስ ሽጉጡን ሆዱ ላይ ነው የሚያስረው፣ በግራ በኩል፣ እምብርቱ ዳር፣ እጀታው ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ፣ መቼ ነው የምትወልደው፣ ስንት ወርህ ነው፣ ሌሎቹም ከኔ ወስደው ነፍሰ ጡሩ ይሉት ነበር፣ ያ ሁሉ ሲባል ንቅንቅ አላለም፣ እኔ ስቄ ያልለወጠውን አሁን ወጣት ልጅ ጋቢና ልትገባ ነው ሲባል ይለውጣል፣ ሊያምርላት፣ ሽማግሌው፣ ሽበቱን ሳይቀባ ቀበቶውን አሳመረ። ነገሩ እዚህ ደርሷል። ምነው፣ አልኩት፣ ዛሬ ገና ወለድክ እንዴ። እንደ ልማዱ ፈገግም አላለም። ልጅቷ እኮ በቀኟ ነው የምትይዘው፣ አለኝ።

በቀኟ ብትይዝስ፣ እሷ በቀኟ ስለያዘች አንተ ምን አገባህ፣ ልትመሳሰሉ ነው፣ መንትያ ልትሆኑ ነው፣ ይህን በሆዴ፣ በአፌ ግን፣ እሺ፣ ቁጭ በል፣ ብዬ ካቻቢቴውን አነሳሁ፣ ቀበቶውን ገለበጥኩት፣ ብሎኑን ፈታሁት፣ ከሆዱ በኩል ያለው ቆዳ እንደጠበቅኩት ጠቁሯል፣ ጎድጉዷል፣ ዓመታቱ አሉበት። ወደ ቀኝ ስሄድ ቆምኩ። ቀኙም ላይ ምልክት አለ። ያረጀ፣ ከሆዱ በኩል ካለው የቆየ፣ አቧራና ቅባት የሞላው ጉድጓድ፣ አፎት የተቀመጠበት፣ ሁለት የብሎን ቀዳዳ፣ አፋቸው በሰም ተደፍኖ። እዚህ ነበር። መጀመሪያ እዚህ ነበር ቦታው።

መቼ ነው ከዚህ ያነሳኸው እለዋለሁ። ከኔ በፊት አብሮህ ማን ነበር፣ ያ ጡረታ የወጣው፣ ጢማሙ፣ በቀኙ አልነበር የሚይዘው፣ በቀኙ ነበር ይላል። እኔ ስመጣስ።

ወንበሮቹን አየኋቸው፣ ከካርቶኑ ስር እግራቸው ይታያል፣ እሱ ግራው ላይ መሪ ይዞ፣ እኔ ቀኙ ላይ፣ የኔ ሽጉጥ ግራ ጎኔ ላይ፣ ማለት በኔና በሱ መሀል፣ የሱ ደግሞ ቀኝ ጎኑ ላይ ቢሆን፣ እሱም መሀል፣ ሁለት ብረት፣ ሁለት የቀበቶ መቆለፊያ፣ አንድ የማርሽ ዘንግ፣ በዚያች ከስንዝር በማትበልጥ ቦታ፣ አንዳችን ስንዞር የሌላው እጅ ይያዝ ነበር፣ ክፉ ቀን ቢመጣ እኔ ልመዝ ስል የሱ ክርን ይመጣ ነበር። አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። አንድም ቀን አልተነካካንም። እኔ ደግሞ ጋቢናው ሰፊ መስሎኝ፣ ይቺ መኪና ሰፊ ናት እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ሰፊ አልነበረችም። ቦታውን ለቆልኝ ነው።

ሆዱን የሚያሸውስ። እግዚኦ። መንገድ ስንወጣ፣ ጉድጓድ ሲያልፍ፣ መሪ ሲያዞር እጁ እየሄደ ጎድኑ ስር የሚያሸው፣ ያመኛል ሳይል፣ እኔ ነኝ ጨጓራ ነው ያልኩት፣ እኔ ነኝ ሐኪም ሂድ ብዬ የጨቀጨቅኩት፣ ቅመም አትብላ፣ በባዶ ሆድ አትውጣ፣ በየጠዋቱ ወተት አፍልቼ በፔርሙስ፣ ዓይኔ እያየ ካልጠጣ መኪናውን አታስነሳም እያልኩ፣ እሱም ይጠጣል፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እስከ መጨረሻው ይጠጣና ክዳኑን ጠርጎ ይመልስልኛል። አፎት ነው እኮ ሲወጋው የኖረው። የኔ ግራ እጅ ነው።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት፣ ብሎኑን እንደጨበጥኩ። ምን ልበልሽ፣ አለ፣ ግራ እጅሽን ቀይሪ ልበልሽ፣ እንደዚያ አለና ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ቆይቶ ደግሞ፣ ረጅም ነገር ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወተቱ ግን ጥሩ ነበር፣ አለ። ወጣ። በሩን እንኳን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

አሰልጣኙ ሻዩን ጨርሷል። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ግቢውን እያቋረጠ ነው፣ ልጅቷ ሱሪዋን ታስተካክላለች፣ የመኪናው በር ክፍት ነው፣ ልትቀመጥ ነው። ተቀመጪ፣ ተቀመጪና ቀበቶው እጀታሽ ስር ይግባ፣ ይያዝሽ፣ ይጎትትሽ፣ እኔ ትከሻዬ ሲሻለኝ ልመለስ። አዎ፣ አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው የምፈልገው፣ ያን ሁሉ የሆነልኝን ሰው አውቄ አሁን ብቀመጥ አጠገቡ፣ አውቄ ባመሰግነው። ስመለስ ግን ግራኝ ሆኜ ነው የምመለሰው። አፎቱ ወደ ሆዱ ይመለሳል። ሳልጠይቀው ይመልሰዋል፣ አውቀዋለሁ፣ በነጋታው ጠዋት ፈትቶ ያስረዋል፣ ጎድኑን እያሸ ይነዳል፣ ምንም አይልም፣ እኔም ደግሞ አሁን እያወቅኩ፣ ምን ልሰጠው፣ ወተት።

አንቺ ልጅ፣ ብዬ ጮህኩ በመስኮቱ፣ ትከሻዬን ረስቼ ነው ክንዴን ያወዛወዝኩት፣ እሳት ነው የነደደብኝ፣ ተመለሽ፣ አላለቀም፣ አሰልጣኙን ደግሞ ትንሽ ይጠብቁን አልኩት፣ ትጥቁ አልተጠናቀቀም፣ የኔ ጥፋት ነው። እየሮጠች መጣች፣ ምን አጠፋሁ የሚል ዓይን ይዛ፣ ምንም፣ ካርቶኖቹን አንሺ ከኔ ጋር፣ አነሳን፣ ወደ መሬት ወረወርናቸው፣ ሰደርያ ምን ይሆናል፣ ተቀመጪ፣ እዚያ፣ ቀኙ ላይ፣ ቀበቶውን እሰሪ። አሰረች። ፍቺና ምዘዢ። ፈታች፣ ተያዘ፣ ታገለች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ እትዬ፣ እዚያ እንዲህ ብሆን ኖሮ። ብትሆኚ ኖሮማ፣ አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ፣ ልንገራት ይሆን፣ አልነግራትም፣ ቀና በይ።

ዝቅ አደረግኩት። ያቺን ያወጣኋትን ሁለት ጣት፣ ከዚያም አልፌ ሁለት፣ ወደ ኋላ ትንሽ ገፋ፣ የመኪናው ቀበቶ ከእጀታው በላይ እንዲያልፍ፣ በቀኝ በኩል በሩ ነው ያለው፣ ማንንም አትነካም፣ ማንም አይነካትም። ድጋሚ። ለቀቀ። ድጋሚ። ቀበቶው ሄደ፣ ክርኗ ወጣ፣ እጇ ደረሰ፣ ይኸው፣ ይሄ ነው ፍጥነት ማለት። ከጎን ለማየት ብዬ ግራው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የሱ ቦታ ላይ። ከዚህ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም፣ ከዚህ ሲታይ ቀኙ ላይ ያለው ሰው በጣም ቅርብ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ እኔን እንደዚህ ነበር የሚያየኝ፣ ስለ አማቴ ስቀደድ። መሀላችን ባዶ ነው። ምን ያህል ጠባብ ቦታ ናት።

ይበቃል እትዬ፣ ትላለች። አሁን ይበቃል። ሂጂ እለፊ፣ አልኳት፣ ማለፍሽ አይቀርም፣ ስትታጠፉ ቀኙን አንቺ ነሽ የምታዪለት፣ ካላየሽ አላየሁም በይ፣ ግባ ካልሽው ይገባልና። እሺ። ዝም ካለ ተቆጥቶ አይደለም። እሺ። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አትረሳም፣ ወተቱስ፣ ነገ ከገባሁ ላምጣላቸው አይደል፣ ለጨጓራቸው። ጨጓራ የለበትም አልኳት። የለባቸውም እንዴ። የለበትም፣ አንቺ ወተት እንዳታመጪ።

ፊሽካው ተነፋ። የመኪናው በር ድም አለ፣ አላየሁም፣ ጆሮዬ ብቻ ነው ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ የሱን ቀበቶ ዘርግቼ ሰሙን በወስፌ ጫፍ እየጠረግኩ ነው፣ ሁለቱ አሮጌ ቀዳዳዎች ተከፈቱ፣ ብሎኖቹ ሳልገፋቸው ገቡ፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ፣ ግቢው ውስጥ አጨበጨቡላት፣ አለፈች፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የማጠብቀው፣ እኔም ላጨብጭብ እንዴ፣ በአንድ እጅ፣ ነገ ግን ማለዳ ተነስቼ ወተቱን አፈላዋለሁ፣ መኪናው ሲወጣ በዚህ መስኮት አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ ያቆማል፣ አቀብለዋለሁ፣ ክዳኑን ጠርጎ ማታ ይመልሳል፣ ሆዱን ስላመመው አይደለም።